ቀላል የስፖርት መኪናን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል፦ ከጎማ ተነስቶ ወደ ሞተር

ቀላል የስፖርት መኪና ያለው ሰው መኪናዬን ላሻሽል ሲል ሐሳቡ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሞተር ነው። ማጣሪያ ልቀይር፣ ማርሚታ ልቀይር፣ ቱርቦ ላስገባ ይላል። እኔ ግን ሞተሩን መጨረሻ ላይ አድርጉት እላለሁ።

እነዚህ መኪኖች የተወደዱት በጉልበታቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ብዙዎች ሚያታ የሚሏት፣ 1.6 ሊትር ሞተርና 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት። ክብደቷ ግን ከአንድ ቶን በታች ነው። በ1996 የመጣችው ሎተስ ኢሊዝ ደግሞ 725 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነበረች። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አንድ ተራ የዛሬ መኪና ሊቀድማቸው ይችላል። መታጠፊያ ላይ ግን ሌላ ናቸው። ቶሎ ይቆማሉ፣ ቶሎ ይዞራሉ፣ መንገዱን በመሪው በኩል እጅ ላይ ያደርሳሉ። ገንዘባችሁን ይህንን ጠባይ በሚያጎላ ነገር ላይ አውሉት።

ሳትጠግኑ አትጨምሩ

ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ሃያና ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ ጥገና ነው። የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ቀይሩ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። በድሮዎቹ ኤምኤክስ-5 ሞተሮች ላይ የሚቀየረው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የውሃ ቱቦዎቹን ጨመቅ አድርጋችሁ እዩ። የደረቀ ወይም ያበጠ ካለ ይውጣ።

ራዲያተሩን ለብቻው ተመልከቱት። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ራዲያተር አናቱ ፕላስቲክ ነው። አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው። ሙቀት ሲደጋገምበት እያደር ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ቡናማ ካያችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነ ራዲያተር እዚህ ጋ ጥሩ ምርጫ ነው።

ከስር ደግሞ ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚይዙት ብረቶች መገጣጠሚያ ላይ ያሉትን የካውቹ ትራሶች፣ አትርሱ። ሲደርቁና ሲሰነጠቁ መሪውን ስታዞሩ መኪናዋ ትንሽ ዘግይታ ነው የምትታዘዘው። ብዙ ሰው ይህንን የሾክ አብዞርበር ችግር ያደርገዋል። ከፖሊዩሬቴን የተሠሩ ጠንካራ ጎሚኒዎችም አሉ። መኪናዋን ይበልጥ ቀጥተኛ ያደርጓታል፤ ግን በትክክል ግሪስ ካልተቀቡ ይጮሃሉ፣ የመንገዱንም ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ለዕለት መንገድ ከሆነ አዲስ የካውቹ ጎሚኒ ይበቃል ባይ ነኝ።

ጎማ

አንድ ነገር ብቻ መቀየር የምትችሉ ከሆነ ጎማ ቀይሩ። መኪናዋ መሬት የምትይዘው በአራት የመዳፍ ስፋት ባላቸው ቦታዎች ነው። ፍሬኑም መሪውም ሞተሩም የሚሠሩት በእነሱ በኩል ነው።

መጀመሪያ የጎማውን ዕድሜ አንብቡ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ኋላ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የስፖርት መኪና ብዙ ስለማትነዳ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ሊያረጅ ይችላል። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ ካውቹው ግን ደርቋል። እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም።

ቀጥሎ ትሬድዌር የሚለውን ቁጥር እዩ። ወደ 200 የሚጠጋው ለስለስ ያለና መንገድ የሚይዝ ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል። 400 እና ከዚያ በላይ ያለው ብዙ ይሄዳል፤ የመያዝ አቅሙ ግን በአብዛኛው ያንሳል። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የሁለት ኩባንያ ጎማ ስታወዳድሩ እንደ ግምት ውሰዱት። የበጋ የስፖርት ጎማ ደግሞ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ይጠነክራል። ብርድ ቦታ የምትነዱ ከሆነ ይህንን አስቡበት።

ስፋት ላይ አትስገብገቡ። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ከፋብሪካ የወጣችው 185/60 አር14 ጎማ (185 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 14 ኢንች ቸርኬ) አድርጋ ነው። ትንሽ ማስፋት ይቻላል። በጣም ሰፊ ጎማና 17 ኢንች ቸርኬ ግን መሪውን ያከብደዋል፣ መኪናዋንም ያደነዝዛታል። ቸርኬ ስትመርጡ ከመልኩ በፊት ክብደቱን ጠይቁ። ቸርኬ በሞላው ላይ የሚያርፍ ክብደት አይደለም፤ ራሱ ከመንገዱ ጋር የሚነሳና የሚወርድ፣ በዚያ ላይም የሚሽከረከር ነው። ከእያንዳንዱ ጎማ አንድ ሁለት ኪሎ መቀነስ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ንፋስ ሲሞላ ደግሞ በልማድ አታስሞሉ። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ላይ የተለጠፈው ልክ 26 ፒኤስአይ ነው። ለከባድ መኪና የለመደ ሰው 35 ሞልቶ ይለቃችኋል። ከዚያ መኪናዋ ትነጥራለች፣ ባለቤቱም ሾክ አብዞርበር ሊቀይር ይሄዳል። ጎማው ሳይግል ለኩ፣ ከተለጠፈው ቁጥር ጀምሩ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ፒኤስአይ እየጨመራችሁ ወይም እየቀነሳችሁ ሞክሩ።

ፍሬን

ትልልቅ ዲስክና ባለ ቀለም ካሊፐር ለቀላል መኪና በአብዛኛው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥሩ የፍሬን ሸራና ትኩስ የፍሬን ዘይት ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው። እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ 155 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ደጋግማችሁ ስትይዙ ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ዶት 5 የሚለው ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ከዶት 5.1 ጋር እንዳታምታቱት።

ስትቀይሩ በአብዛኛዎቹ መኪኖች ከፍሬን ማስተሩ (የፔዳሉን ግፊት ወደ ዘይቱ ከሚያስተላልፈው ክፍል) በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ እናንተ ማስተንፈሻውን ትከፍታላችሁ፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ትዘጋላችሁ። ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወጣ ትደግማላችሁ። በመሃሉ የዘይት ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል ጠብቁ፤ ከጎደለ አየር ይገባና እንደገና ሀ ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ቀለም ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ እጠቡት፤ ቀለም ይበላል።

አዲስ ሸራ ካስገባችሁ ባዶ መንገድ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ጠንከር አድርጋችሁ እየያዛችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ግን ሳትቆሙ፣ ጥቂት ጊዜ አሟሹት። ከዚያ ፍሬን ሳትይዙ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት።

ሾክ አብዞርበርና ሞላ

እዚህ ላይ ርካሽ ነገር አትግዙ። ከፍታው የሚስተካከል ርካሽ ስብስብ ገዝቶ መኪናን መሬት ላይ ማስተኛት መኪናዋን ያበላሻታል። እንደ ቢልስታይን ወይም ኮኒ ያለ ጥሩ ሾክ ከፋብሪካው ወይም ትንሽ ጠንከር ካለ ሞላ ጋር ብታደርጉ ይሻላል። ዝቅ ማድረግ ካማራችሁ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሾኩ የሚሄድበት ቦታ ያጣና በየጉድጓዱ መጨረሻው ላይ ይመታል።

ስትገጥሙ መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትተዋት፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፏት። አንድ ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነገር አለ። በካውቹ ጎሚኒ ውስጥ የሚያልፉ ቡሎኖችን ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ አታጥብቋቸው። በእጅ ብቻ አስይዟቸው፤ መኪናዋ በራሷ ክብደት መሬት ላይ ስታርፍ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) አጥብቁ። ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው በቋሚነት እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ከፍታዋም ይዛባል፣ ካውቹውም ቶሎ ይቀደዳል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከያ፣ አሠሩ። ቀድሞ ማሠራት ብር ማባከን ነው። ኤምኤክስ-5 አራቱም ጎማዎቿ በሚዞሩ ቡሎኖች ይስተካከላሉ። ቡሎኖቹ በዝገት ተይዘው ሊሆን ስለሚችል ቀናት ቀደም ብላችሁ ዝገት ማላቀቂያ ንፉባቸው። ለመንገድ ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ኔጌቲቭ ካምበር (የጎማው አናት ወደ መኪናዋ ውስጥ ማዘንበል) ጥሩ መነሻ ነው። የፊት ቶ (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያመለክቱበት ልክ) ወደ ዜሮ፣ የኋላው ደግሞ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይሁን። የሚለካው ሰው እናንተ ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ ቢለካ ይመረጣል። በ1,000 ኪሎ መኪና ላይ የአንድ ሰው ክብደት ትንሽ አይደለም።

ክብደትና ደኅንነት

የማትፈልጉትን ዕቃ ከኋላ አውጡ። ቀላል ባትሪና ቀላል ወንበር ጥሩ ናቸው። ኤርባግና የበር ውስጥ ብረት ግን አይነኩም። ጣሪያዋ ለሚከፈት መኪና ጥሩ የሮል ባር (መኪናዋ ብትገለበጥ ጭንቅላት የሚጠብቅ የብረት ቅስት) ከማንኛውም የሞተር ዕቃ ይቀድማል። ከሮል ባሩ አናት እስከ ፊት መስታወቱ ፍሬም አናት ቀጥ ያለ እንጨት አጋድሙ። ራሳችሁ፣ ትራክ ላይ ከሆነ ደግሞ የራስ ቁራችሁ፣ ከእንጨቱ በታች መሆን አለበት። ጭንቅላት ሊደርስበት የሚችለውን ብረት ለሮል ባር በተሠራ ጠንካራ ስፖንጅ ሸፍኑት።

ሞተር

ኮፈን ውስጥ ክፍት ሆኖ የሚቀመጥ ማጣሪያ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። ድምፅ ይጨምራል፤ ጉልበት ሊቀንስም ይችላል። ቀላል ማርሚታ ጥቂት ኪሎ ይቀንሳል፣ ድምፁም ደስ ይላል፤ ብዙ ጉልበት ግን አትጠብቁበት። ቱርቦ እውነተኛ ጉልበት ይሰጣል። እሱን የምታስገቡ ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑን፣ የነዳጅ አቅርቦቱን፣ ማቀዝቀዣውንና የኮምፒውተሩን ማስተካከያ አብራችሁ አስሉ። በ1.6 ሊትሯ ኤምኤክስ-5 ላይ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ትንሽ ስለሆነ ጉልበት ሲበዛበት ይሰበራል። የ1.8 ሊትሯን ኤምኤክስ-5 ዲፈረንሻል ከቱርቦው በፊት ፈልጉ።