የጭስ ስርጭት ስሌት ሲሳሳት፦ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላሉ ፋብሪካዎች

ምልክት፦ በአጥሩ ዙሪያ የተተነበየው ብናኝ ከሚጠበቀው ከእጥፍ በላይ ሆነ።

መንስኤው በአብዛኛው የጋዝ ፍሰቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 72 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ኖርማል ኪዩቢክ ሜትር የሚሰላው ግን በ0 ዲግሪና በ101.3 ኪሎፓስካል ነው። ከቦይለር በሰዓት 10,000 ኖርማል ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ በ180 ዲግሪ ቢወጣ፣ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያለው ትክክለኛ ፍሰት፦

10,000 × (453 ÷ 273) × (101.3 ÷ 72) = በሰዓት 23,350 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ (453 ማለት 180 + 273፣ ማለትም ሙቀቱ በኬልቪን ነው)

የማውጫው ውስጣዊ ዲያሜትር 0.8 ሜትር ከሆነ ጭሱ በሰከንድ 12.9 ሜትር ይወጣል። ግፊቱን የረሳ 9.2 ያገኛል፤ ሙቀቱንም የረሳ 5.5። ፍጥነቱ ባነሰ ቁጥር ሞዴሉ (የጭስ ስርጭትን የሚያሰላው ሶፍትዌር) ጭሱን ዝቅ አድርጎ ያስቀረዋል፤ መሬት ላይ ያለው መጠንም ይንራል።

ልቀቱን ሲያሰሉ ነገሩ ይገለበጣል። ጭሱን የለካው ላብራቶሪ በኖርማል ኪዩቢክ ሜትር 150 ሚሊግራም ብናኝ ካለ የሚባዛው በ10,000 ነው፤ በሰከንድ 0.42 ግራም ይመጣል። በ23,350 ያባዛ ሰው 0.97 ጽፎ ፋብሪካውን የማያስፈልገው ማጣሪያ ያስገዛዋል። ለፍጥነት ትክክለኛውን ፍሰት፣ ለልቀት ኖርማሉን ይጠቀሙ። ላብራቶሪው በደረቅ ጋዝና በተወሰነ ኦክስጅን አስተካክሎ ከሆነም ፍሰቱ በዚያው መሠረት ይስተካከል። የሌላ ከተማ ሪፖርት ላይ ስም ብቻ ቀይረው የሚያስረክቡ አማካሪዎች ይህን ሁሉ ይዘሉታል። የስሌቱን ወረቀት ሳያዩ አይፈርሙ፤ ክፍያም አይልቀቁ።

ምልክት፦ ጭሱ ጨርሶ ከፍ አይልም።

ኤርሞድ (AERMOD) የተባለው የጭስ ስርጭት ሞዴል ሙቀት የሚቀበለው በኬልቪን ነው። 180 ብሎ ያስገባ ከዜሮ በታች 93 ዲግሪ ማለቱ ነው፤ 453 ያስገቡ።

ምልክት፦ ጄኔሬተሩ አጠገብ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በዛ።

ሞዴሉ ልክ ሊሆን ይችላል። ዝናብ እንዳይገባ የተደፋው የቆርቆሮ ክዳን ጭሱን ወደ ጎን ይመልሰዋል። ኤርሞድ ላይ ፖይንትካፕ (POINTCAP፣ ክዳን ያለው ጭስ ማውጫ) የሚለውን ይምረጡ፤ ክዳኑ እያለ እንደሌለ አድርጎ ማስላት ሠራተኛውን መጉዳት ነው። ክዳኑን አንስተው ውሃውን በጎን የሚያፈስ፣ አፉ ወደ ላይ ክፍት የሆነ ድርብ ቱቦ ያስገጥሙ።

ምልክት፦ የነፋሱ አቅጣጫ ከአካባቢው ጋር አይገጥምም።

የአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የነፋስ መረጃ ተወስዷል። ወደ ጣርማበር ገደል የተጠጋ ሜዳ የራሱ ነፋስ አለው። በግቢው ቢያንስ የ1 ዓመት ልኬት ይያዝ።

ምልክት፦ ጭስ ማውጫው ካርታው ላይ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ወደቀ።

ካርታና ጂፒኤስ ቦታን የሚለኩበት መነሻ (ዳተም) ይለያያል፦ የድሮው ካርታ በአዲንዳን፣ ጂፒኤሱ በደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ ልዩነቱ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁሉንም ወደ ደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ መጋጠሚያ) ዞን 37 ሰሜን ይለውጡ።