ነርሶች አዲስ አሠራር እንዲያፈልቁ የክፍል ኃላፊ እንዴት መምራት ይችላል?

በድሬዳዋ ድል ጮራና ሳቢያን፣ በሐረርም ሕይወት ፋናና ጀጎል ሆስፒታሎች የሚታከመው ሰው ከከተማው ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከሐረርጌ ወረዳዎችና ከሶማሌ ክልል ሪፈር ተጽፎለት የሚደርሰውም ብዙ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ሐኪሙ በራውንድ ሰዓት አይቶ ያልፋል። ከታካሚው አጠገብ ውሎ የሚያድረው ነርስ ግን የመድኃኒቱ አወሳሰድ ሳይገባው የወጣውን ሰው፣ በርክክብ መካከል የተዘነጋውን መርፌ፣ አስታማሚው ሁልጊዜ የሚደናገርበትን በር ያያል። ስለዚህ ትንንሾቹ መፍትሔዎች አስቀድመው ብልጭ የሚሉት ለነርስ ነው፤ ወደ ሥራ መግባት አለመግባታቸውን የሚወስነው ግን በአብዛኛው የክፍሉ ኃላፊ የሚመራበት መንገድ ነው። የሚከተሉት እርምጃዎች በቅድሚያ ለክፍል ኃላፊዎችና ለሜትሮኖች (ለሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊዎች) የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ፦ የራስዎን የአመራር ስልት ይመርምሩ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት በልጆች ክበባት ላይ ሦስት ዓይነት አመራር አነጻጽረው ነበር፤ አዛዥ፣ አሳታፊና ሁሉንም ለሠራተኛው የሚተው ልቅ አመራር። በአዛዡ ሥር የነበሩት ልጆች መሪው ከክፍሉ ሲወጣ ሥራቸው ሲላላ፣ በአሳታፊው ሥር የነበሩት ግን መሪው ባይኖርም መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ይህ ለሆስፒታል ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ምክንያቱም የክፍሉ ኃላፊ ቤቱ ከገባ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ክፍሉን የሚያስተዳድረው ተረኛው ነርስ ነው። ከዚያም የአመራር ተመራማሪው በርናርድ ባስ እ.ኤ.አ. በ1985 የለውጥ አመራር የሚባለውን ሐሳብ ሲያብራሩ፣ ሠራተኛው የቆየውን ችግር በአዲስ ዓይን እንዲመለከት ማነሣሣትን ከዋና ዋና መገለጫዎቹ መካከል አስቀምጠውታል።

ራስዎን ለመመርመር ረጅም መጠይቅ አያስፈልግዎትም። ባለፉት ሦስት ወራት በክፍልዎ የተለወጠ አንድ አሠራር ያስታውሱና ሐሳቡን ማን እንዳመጣው ይጠይቁ። ሁልጊዜ ከእርስዎ ወይም ከበላይ የመጣ ከሆነ አዛዥ ነዎት፤ የተለወጠ ነገር ከነጭራሹ ከሌለ ደግሞ ምናልባት ልቅ ነዎት፤ ይህኛው ከአዛዥነት የተሻለ አይደለም። ትእዛዝ ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ከወሊድ በኋላ ደም በሚፈስሳት እናት አልጋ አጠገብ ማን ምን እንደሚይዝ በአጭሩ የሚያዝ ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉንያ በድሬዳዋ ተዛምቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ባሳመመበት ዓይነት ወቅትም ተረኛን መመደብ በትእዛዝ ይሠራል፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ በመሆኗ ግን በቀን የሚዘረጋ አጎበር ካኑላ ለመትከልና ግሉኮስ ለመቀየር እንዳያስቸግር እንዴት ይሰቀል የሚለውን ጥያቄ ከአልጋው አጠገብ ካለው ሰው በቀር በደንብ የሚመልስ የለም።

ሁለተኛ፦ ፍርሃቱን አስቀድመው ያስወግዱ

ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጽሑፍ ያልጠበቁትን ነገር አገኙ፤ በተሻለ ሁኔታ በሚመሩ ክፍሎች የተመዘገበው ስህተት ከሌሎቹ የበዛ ነበር። የሰጡት ማብራሪያ፣ በእነዚህ ክፍሎች ነርሶቹ ስህተትን ሳይፈሩ ስለሚናገሩና ስለሚመዘግቡ ነው የሚል ነው። አዲስ ሐሳብ የሚወጣውም ስህተት በሚወጣበት በር ነው። «ይህ አሠራር አያስኬድም» ለማለት የምትፈራ ነርስ «እንዲህ ብናደርገው» ልትል አትችልም።

በእኛ አገር የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው የቅርብ ኃላፊ በመሆኑ ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። አንድ ጊዜ በጠዋት ስብሰባ ላይ በባልደረቦቿ ፊት የተሸማቀቀች ነርስ «ዝም አይነቅዝም» ብላ ትተወዋለች፤ ያዩዋት ሁሉም አብረው ይተዉታል። ስለዚህ ከሁሉም እርምጃዎች ይልቅ የሚከብደው ለመጀመሪያው ትንሽ ሐሳብ የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ ነው። «በጀት የለም» ወይም «ይህ የአንቺ ሥራ አይደለም» ከማለት ይልቅ «ሲስተር፣ ይህን የት ላይ አየሽው? እስቲ አሳዪኝ» ይበሉና አብረዋት ወደ አልጋው ይሂዱ።

የዚህ መልስ ዋጋ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ አገር በሮችፎርድ ሆስፒታል ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል ትመራ የነበረችው ሲስተር ዋርድ ሕፃናቱን ወደ ግቢው እያወጣች ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። አንድ ቀን፣ ገላው ቢጫ የነበረ ሕፃን በጨርቅ ከተሸፈነው የቆዳው ክፍል በቀር ቢጫነቱ እንደለቀቀው አየችና እያመነታች ለሐኪሞቹ አሳየች። ሐኪሞቹ ነገሩን አልናቁትም፤ በብርሃን ላይ ምርምር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1958 ውጤቱ ታተመ፤ ዛሬ በየሆስፒታሉ ቢጫ የሆኑ ሕፃናት የሚታከሙበት የፎቶቴራፒ መብራት ከዚያ መጣ። (ዛሬ ግን መብራቱ የሚያስፈልገውን ሕፃን ፀሐይ በማሞቅ ብቻ ማከም ተገቢ አይደለም።)

ሦስተኛ፦ ለሐሳብ ቦታና ሰዓት ይመድቡ

በኮሪደር የተሰቀለውን የአስተያየት ሣጥን ይተዉት፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚታወቅበት ሣጥን ጥቂት ነው። ከዚያ ይልቅ በነርሶች ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ያስቀምጡ፤ ሐሳብ ያለው ሰው ይጻፍ፤ እርስዎም በሳምንት ውስጥ ከሥሩ መልስዎን ከነቀኑ ይጻፉ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ምክንያቱ ይጨመር። ይህ በተለይ የሌሊት ተረኞችን ይጠቅማል፤ የጠዋቱ ስብሰባ ሲጀመር እነርሱ እንቅልፋቸውን እየታገሉ ለመውጣት የሚቸኩሉ ናቸውና።

አራተኛ፦ ሐሳቡን በትንሹ ይሞክሩ

ሐሳቡ በዓለም ላይ አዲስ መሆን አይጠበቅበትም፤ ለክፍሉ አዲስ ከሆነ ይበቃል። ለምሳሌ አንዲት ነርስ፣ ማንበብ የማይችሉ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን የሚወስዱበትን ሰዓት እንዲለዩ በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ይሣል የሚል ሐሳብ አመጣች እንበል። በዕለቱ «ከነገ ጀምሮ ሁሉም ይሣል» ብሎ ማዘዝ ሐሳቡን በትእዛዝ መግደል ነው።

በቅድሚያ አሁን ያለውን ሁኔታ ይለኩ። ከሆስፒታል ለሚወጡ 20 ታካሚዎች ወይም አስታማሚዎቻቸው በየቋንቋቸው «ይህን መድኃኒት ቤትዎ ሲገቡ እንዴት ይወስዱታል?» የሚል ጥያቄ ይቅረብላቸውና ስንቶቹ በትክክል እንደመለሱ ይመዝገብ። ቀጥሎ የፋርማሲውን ኃላፊ ያነጋግሩ፤ ከረጢቱ የሚጻፍበት የእርሱ ክፍል ነውና ያለ እርሱ ፈቃድ የተጀመረ ነገር በኩርፊያ ያበቃል። ከዚያ በአንድ ክፍል ብቻ ለሁለት ሳምንት ይሞከርና ለሌሎች 20 ሰዎች ያው ጥያቄ ይቅረብ። ትክክለኛ መልስ የሰጡት ከበዙ ሙከራው ይቀጥል፤ ካልበዙ ለምን እንደሆነ ነርሷ ራሷ ታጣራ፤ ምናልባት ጨረቃዋ ለአንዳንዱ ሰው የሌሊት ሳይሆን የወር ምልክት መስላው ይሆናል። ያልሠራ ሙከራ በማንም የአፈጻጸም ነጥብ ላይ እንደማይቆጠር አስቀድመው በግልጽ ይናገሩ።

ለሙከራ የማይቀርቡ ነገሮችም አሉ። የመድኃኒት መጠን፣ የታካሚን ማንነት ማረጋገጥና የእጅ ንጽሕና በመመሪያ የተወሰኑ ስለሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የሚነሣ ሐሳብ በሆስፒታሉ የጥራት ክፍልና በሐኪሞቹ በኩል ማለፍ አለበት።

አምስተኛ፦ የሐሳቡን ባለቤትነት ላመነጨችው ነርስ ይተዉ

ሐሳቡ ሲሠራ ለሜትሮኗ ወይም ለሥራ አመራሩ የምታቀርበው ራሷ ነርሷ ትሁን። ካይዘን የተባለው፣ ሥራን በትንንሽ ለውጦች የማሻሻል የጃፓኖች ስልት በየተቋሙ ሲገባ መደርደሪያው ሁሉ ምልክት ተለጥፎበት ነበር፤ ምልክቱን የለጠፉት ሠራተኞች ራሳቸው አስበውበት በነበረበት ቦታ ቆይቷል፤ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ በታዘዘበት ቦታ ግን ጎብኚው ሲሄድ ተረስቷል። ከምስክር ወረቀት ይልቅ ጊዜ ይስጧት፤ ለምሳሌ ሙከራውን ለምታጠናክርበት ከሰዓት በኋላ በታካሚ ምደባ ላይ ሸክሟን ያቅልሉላት።

ስድስተኛ፦ ከእርስዎ በኋላም እንዲቆይ ያድርጉ

ብዙ ጥሩ አሠራር የሚሞተው ኃላፊው ሲዛወር ነው። ተሞክሮ የጸደቀውን በርክክብ ቅጹ ላይ ያስገቡት፤ ከሐረማያና ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ለልምምድ ለሚመጡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን የሚያስረዳ ተረኛ ይመደብ። ደብተሩንም ቦታዎን ለሚረከበው ሰው ሲያስረክቡ፣ መልስ ሳያገኙ የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ አብራችሁ እያነበባችሁ ይሁን።