አሸዋ ነፊ ዓሣ ከትልቅ አዳኝ ጋር፦ ችግሩና መፍትሄው

ደሴ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም አኳሪየም አለ። ወርዱም ቁመቱም 60 ሳንቲሜትር ነው። ጢም ብሎ ሲሞላ ወደ 650 ሊትር ይይዛል። የቤቱ ጌቶች ሁለት ኦስካሮች ናቸው፤ እኔ አስተናጋጅ ነኝ። ኦስካር የአማዞን አዳኝ ዓሣ ነው፤ ተመችቶት ካደገ 30 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ ያልፋልም። ሲበላ ግማሹን ይውጣል፣ ግማሹን በስንጥቡ ይረጨዋል። የተረጨው አሸዋው ላይ ወርዶ ይበሰብሳል። ይሄኔ ሰው ሁሉ "የሚያጸዳልኝ ዓሣ የለም?" ማለት ይጀምራል።

አሸዋ የሚነፉ ዓሦች አሉ። መንፋት ስል እናቶቻችን ዱቄት እንደሚነፉት ነው። ዓሣው አሸዋውን በአፉ ይዘግናል፣ የሚበላውን ያስቀራል፣ አሸዋውን በስንጥቡ ያፈሰዋል። በዚህ ሥራ የታወቀው የደቡብ አሜሪካው ጂኦፋገስ ነው፤ ስሙ በግሪክኛ "አፈር በላ" ማለት ነው። ግን ጽዳት ሠራተኛ አይደለም። ይህን የሳተ ሰው ከታች ካሉት ችግሮች አንዱ አይቀርለትም። እኔንም አልቀረልኝም።

"ማታ ስድስት ነበሩ፣ ጠዋት አራት ሆኑ"

ብዙ የሚደወልልኝ በዚህ ነው። መጀመሪያ ወለሉን፣ ከገንዳው ኋላ ያለውን ጥግ እዩ። ዘሎ የወጣ ካለ እዚያ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ከሌለ የኦስካሩን ሆድ እዩ።

የኦስካር አፍ ሲዘጋ ትንሽ ይመስላል። ሲከፈት ወደፊት ወጥቶ ቱቦ ይሆናል። አሸዋ ነፊ ስትመርጡ ርዝመቱ አያታልላችሁ። የሚለካው ከጀርባ እስከ ሆድ ያለው የገላው ስፋት ነው። ኩሊ ሎች የሚባለው ቀጭን ዓሣ 10 ሳንቲሜትር ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ፓስታ ነው፤ ኦስካሩም እንደ ፓስታ ይስበዋል። ፈረስ ፊት ሎች የሚባለውም እስከ 20 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፣ ደስ ይላል። ግን ቀጭን ነው። ጂኦፋገስ የሚያዋጣው ገላው ሰፊ ስለሆነ ነው።

መፍትሄው፦ የተረፉትን ዛሬውኑ ለዩ። ሰፋ ያለ ሳፋና አየር ፓምፕ ለጊዜው ይበቃል። "ይላመዳሉ" ብሎ ማሳደር የቀሩትን መመገብ ነው። ሌላ ስትገዙ ደግሞ የጂኦፋገሱ ርዝመት ቢያንስ የአዳኙን ሁለት ሦስተኛ ይሁን።

እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። "አብረው ከትንሽነት ቢያድጉ ወንድማማች ይሆናሉ" ብዬ ሁሉንም እኩል ቁመት ላይ ገዛሁ። ኦስካር በመጀመሪያው ዓመት የሚያድገው እንደ በቆሎ ነው፤ በወር 2 ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ። ጂኦፋገስ ቀስ ይላል። በአምስተኛው ወር ወንድምነቱ አበቃ። ስለዚህ ጂኦፋገሱን አስቀድማችሁ አሳድጉ፣ ኦስካሩን በኋላ፣ ትንሽ ሆኖ አስገቡት።

"ኦስካሩ አፉን ከፍቶ ቀረ"

ይህ በአብዛኛው ኮሪዶራስ ውጦ ጉሮሮው ላይ ሲሰካበት ነው። ኮሪዶራስ ትንሽ፣ ሰላማዊ፣ አሸዋ የሚጭር ዓሣ ነው፤ ሻጮችም "መጥረጊያ" እያሉ ይሰጣሉ። በጀርባውና በጎኑ ክንፍ ላይ እሾህ አለው። ሲደነግጥ እሾሁን ዘርግቶ ይቆልፈዋል። ዋጩም ተዋጩም አብረው ይሞታሉ።

በጅራቱ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ጉሮሮውን ይቀደዋል። አንድ ሰው ኦስካሩን በረጠበ ፎጣ ይያዝ፣ ሌላው እሾሁን በጥፍር መቁረጫ ይቁረጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያውጣ። አንዴ አድርጌዋለሁ፣ ሁለተኛ ማድረግ አልፈልግም። ኮሪዶራስ ከትልቅ አዳኝ ጋር አይገባም፤ ድንጋይና መስታወት ላይ በአፉ የሚለጠፈው ትንሽ ፕሌኮም እንደዚያው።

እግረ መንገዴን፦ "ከሐይቅ ቆሮሶ ላምጣ፣ ወይ ትንሽ አምባዛ ልጨምር" የሚሉኝ አሉ። ቆሮሶ አሸዋ አይነፋም፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱንም ይጣላበታል። አምባዛ ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ ማደግ የሚችል የሌሊት አዳኝ ነው። ለወጡ ይሁን።

"አልተበላም፣ ግን ከሳ"

ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ሥጋ ጎድጉዶ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ታዩታላችሁ። ባለቤቱን "ምን ታበላዋለህ?" ስለው፣ "የኦስካሮቹን ትራፊ" ይላል። ያው እንዳልኩት ነው። ኦስካር ትራፊ አይተውም፤ የሚተወው ዱቄትና እዳሪ ነው። ጂኦፋገስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ መልቀም የለመደ ዓሣ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ለኦስካሮቹ የሚንሳፈፍ ምግብ በአንዱ ጫፍ ስጡ። እነሱ እዚያ ሲተራመሱ በሌላው ጫፍ የሚሰምጥ ደቃቅ ምግብ ጣሉ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላም ጨምሩ። በሁለት ሳምንት ካልወፈረ፣ እዳሪውም ነጭ ክር ከሆነ፣ የውስጥ ጥገኛ ትል ወይም ተህዋስ ጠርጥሩና ለይታችሁ አክሙት። ለአዳኝ ብለው ትናንሽ ዓሦችን በሕይወት የሚጥሉ ሰዎች ይህን በሽታ ብዙ ጊዜ በእጃቸው ያስገቡታል።

"መንፋት አቆመ"

ችግሩ አሸዋው ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ ግንባታ ስለበዛ አሸዋ ማግኘት ከባድ አይደለም። የግንባታ አሸዋ ግን ለሲሚንቶ እንጂ ለአፍ አልተመረጠም። ሸካራ ነው፣ ጠርዙ ስለት አለው። ዓሣው ጥቂት ቀን ሞክሮ ስንጥቡ ሲቆስል ይተወዋል። ጠጠር ከሆነም መዝገን አይችልም።

እርጥብ አሸዋ በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ እሹት። እናንተን ከወጋ እሱንም ይወጋዋል። ለስለስ ያለው ከተገኘ በደቃቅ ወንፊት ንፉት፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰው ይበቃል። ትንሽ ወስዳችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንጨረጨረ ኖራ አለበት፣ ውሃውን ያጠነክራል፣ ተዉት። ካልተንጨረጨረ በባልዲ እያማሰላችሁ እጠቡ። ጭቃው ቶሎ አያልቅም፤ እኔ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ከዚያ 4 ሳንቲሜትር ያህል አንጥፉ። በእኔ ገንዳ ልክ ይህ ወደ 70 ኪሎ ነው፤ ጠረጴዛችሁን አስቡበት።

ከዚያ በላይ ከወፈረና ነፊዎቹ ካልደረሱበት፣ ሥሩ ይጠቁራል፣ ሲነካ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አንድ ቀን ሙሉውን አታገላብጡት። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነካክታችሁ ጥቁሩን በቧንቧ ምጠጡ። የፊልተሩ ፓምፕ መንጫጫት ከጀመረ ደግሞ አሸዋ ገብቶበታል፤ የሚስብበትን አፍ ከአሸዋው ከፍ አድርጉት።

"ሁሉም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ"

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የደሴ ሰው የሚለይበት ነገር አለ። የምናነበው ምክር ሁሉ ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ አገር የተጻፈ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። 26 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እዚያ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ቢይዝ፣ እዚህ 6 ብቻ ነው የሚይዘው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላታል፣ 6.5 ገደማ። "በዚህ ገንዳ ስምንት ጂኦፋገስ ይበቃል" የሚለውን ስታነቡ ለደሴ አምስት አድርጉት።

መፍትሄው የውሃውን ገጽ ማንቀሳቀስ ነው። የፊልተሩን መውጫ ወደ ላይ አዙሩ፣ አየር ፓምፕ ጨምሩ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ ፓምፕ ከሌላችሁ፣ ከዓሣው በፊት እሱን ግዙ። አየር ጨምራችሁም ካልተሻላቸው ከእዳሪ የሚመጡትን መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይትን፣ መርምሩ፤ ከተገኘ ያንኑ ቀን ግማሹን ውሃ ቀይሩ።

ብርዱም አለ። ጂኦፋገስ ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ይወዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጦሳ ውርጭ ሲወርድ ሂተሩ አቅም ያጣል፣ ዓሣው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ለ650 ሊትር ሁለት ባለ 300 ዋት ሂተር አድርጉ፣ ክዳንም አይጥፋ። አንድ ወዳጄ የማይነፋ፣ የማይበላ ጂኦፋገስ ነበረው። ሥራ ተቀይሮለት ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ። በሳምንቱ ዓሣው አሸዋውን ያምሰው ጀመር።

"ጭንቅላቱ ላይ ትናንሽ ቀዳዳ ወጣ"

ይህ ብዙ ጊዜ ከቆሸሸ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጂኦፋገስ ደግሞ ቶሎ ይጎዳበታል። ከእዳሪና ከምግብ ትራፊ መጥቶ ውሃው ውስጥ የሚከማቸው ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ በየሳምንቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ ቀይሩ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የግድ ነው። ክሎሪኑ እንዲወጣ በአየር ፓምፕ አንድ ቀን አሳድሩት፣ ከመጨመራችሁ በፊትም ሙቀቱን አስተካክሉ።

ልትገዙ ከሆነ

ከአንድ ጥንድ ኦስካር ጋር አምስት ጂኦፋገስ። ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ሲቀመጥ ይፈራል፣ ወይም አንዱ ሌላውን ያሳድዳል። የብራዚሉ ጂኦፋገስ ብርድ ይችላል፤ ለደሴ ያጓጓል፣ ግን ጠበኛ ነው። አዳኛችሁ ጃጓር ሲክሊድ ወይም ሬድ ዴቭል የሚባለው ኃይለኛ ጠበኛ ዓሣ ከሆነ ግን ምርጫ የለም፤ ነፊውን ተዉትና ቆሻሻውን በቧንቧ ምጠጡ።

ከአዲስ አበባ ስታመጡ ሸዋ ሮቢት ላይ ያለውን ሙቀት አስቡ፤ ላስቲኩን በፎም ሳጥን ውስጥ አድርጉ። ቤት ሲደርሱ ለብቻ ሦስት አራት ሳምንት ይቆዩ። የማስገቢያው ቀን፣ መጀመሪያ ኦስካሮቹን አጥግቡ፣ የገንዳውን ድንጋዮች ቦታ ቀይሩ፣ መብራት አጥፉና ከዚያ ልቀቋቸው። ጠዋት ቁጠሩ። ከጎደለ ከላይ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሱ።