የበርበሬና የሽሮ ሙያን ከጓዳ አውጥቶ ንግድ ማድረግ እንዴት ይቻላል? (ለደሴና ለኮምቦልቻ ሴቶች)

ደሴ ውስጥ ጥሩ በርበሬ የምታዘጋጅ ሴት ፈልጎ ማጣት አይቻልም። ሰኞ ገበያ ሂዱ፣ ሆጤ ሂዱ፣ ቧንቧ ውሃ ሂዱ፤ "የእሷን ከቀመስክ የሌላ አያሰኝህም" የምትባል አንዲት ጎረቤት አትጠፋም። የምትጠፋው ሙያውን ንግድ ያደረገችው ናት። ለምን ሲባል መልሱ ሁሌም "ብር የለም" ነው። እኔ በዚህ ብዙም አልስማማም። ከብሩ በፊት ሒሳቡ መታወቅ አለበት። ሒሳቡ ያልታወቀ ሥራ ላይ ብድር ሲጨመር ኪሳራው ይፈጥናል እንጂ ሥራው አያድግም። ስለዚህ እዚህ ብድርን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ።

መጀመሪያ፦ አንድ ዙር ሠርተሽ ሒሳቡን ጻፊ

ደብተርና እስኪርቢቶ ያዢ። 10 ኪሎ ዛላ በርበሬ ገዛሽ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ የዛሬውን ዋጋ ራስሽ ተኪበት።

ዛላው ኪሎው በ500 ብር ቢሆን 5,000 ብር ወጣ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ ጨው ተደማምሮ 1,400 ብር። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። 6,400 ብር ለ10 ኪሎ ሲካፈል ኪሎው በ640 ይመጣል፤ በ800 ስሸጠው 160 ብር አተርፋለሁ ብለን እንደሰታለን።

አሁን ቀጥዪ። ዛላው ሲቀነጠስና የነቀዘው፣ የሻገተው ሲለቀም 8 ኪሎ ቀረ። ቅመሙና ጨው ገብቶ፣ ደርቆ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ ወፍጮው ውስጥ የሚቀረው ቀርቶ እጅሽ ላይ የገባው 9 ኪሎ ነው። ወፍጮ 200፣ ባጃጅ 150፣ ከሰልና መብራት 150፣ ላስቲክና ማሸጊያ 200። የሁለት ቀን ጉልበትሽን በ300፣ በ300 አስቢው፤ 600። ድምሩ 7,700 ብር ይሆናል። ለ9 ኪሎ ሲካፈል ኪሎው 855 ብር ከምናምን ፈጅቷል። በ800 ብትሸጪው ዘጠኙም ኪሎ አልቆ 500 ብር ከስረሻል ማለት ነው። እጅሽ ላይ 7,200 ብር ስላለ ግን ያተረፍሽ ይመስልሻል።

"የራሴን ጉልበት ምን ብዬ ልቁጠር" የምትል ብዙ ናት። ቁጠሪው። ነገ ሥራው ሰፍቶ የምታግዝሽ ልጅ ብትቀጥሪ ደሞዟን ከየት ታመጫለሽ?

ሌላው፣ ሲመዘን ሁሌም በራስሽ ሚዛን ይሁን። ስትገዢ አንዴ፣ ከቀነጠስሽ በኋላ አንዴ፣ ከወፍጮ ሲመጣ አንዴ። ወፍጮ ቤት ደግሞ ሰው አትላኪ፤ ራስሽ ቁሚ። ካንቺ በፊት የማን ምን እንደተፈጨ እይ። ሽሮሽ የበርበሬ ወፍጮ ነክቶት ከመጣ ለልጅ ምግብ የገዛችሽ እናት ሁለተኛ አትመለስም።

ሁለተኛ፦ የሥራውን ብር ከቤቱ ብር ለዪ

ለሥራው ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ክፈቺ። ባንክ ቤት ፋይዳ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ከሌለሽ አስቀድመሽ ተመዝገቢ። ከደንበኛ የሚመጣው ብር ሁሉ እዚያ ይግባ። በቴሌብር የሚከፍልሽ ካለም በራስሽ ቁጥር ይሁን፤ በልጅሽ ወይም በባለቤትሽ ቁጥር አይሁን። ጥቅሙ በኋላ ነው የሚታየው። ብድር ጠይቀሽ "ገቢሽን አሳይን" ስትባይ የምታሳዪው እሱን ነው።

ለቤት ወጪ ከሥራው የምትወስጂው መጠን በሳምንት አንዴ የተወሰነ ይሁን። ሽንኩርት ሲያልቅ ከዚያው፣ የልጅ ደብተር ሲጠየቅ ከዚያው፣ ለቅሶ ሲመጣ ከዚያው ከሆነ በሚቀጥለው ዙር ዛላ የምትገዢበት አይኖርሽም።

ሦስተኛ፦ አየሩንና ገበያውን ተጠቀሚበት

ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ብርድና ጉም አያጣትም። ኮምቦልቻ ሀረጎን ወርደሽ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ግን ሞቃት ናት። በርበሬ ላይ ይህ ልዩነት ብር ነው። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ማመስም መፍጨትም አያጠፋውም። ደሴ ሆነሽ ክረምት ላይ ለማድረቅ ከመታገል ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ ግቢውን ለምኚ። ካልሆነም የዓመቱን በርበሬ በበጋ ጨርሺ። መሬት ላይ አታስጪ፤ ንጹህ ሸራ ላይ ይሁን፣ ማታ ማታ ይነሣ። ዛላ መግዣውም ምርቱ ገበያ ሲሞላው ነው። ክረምት ላይ ዋጋው ሰማይ ነው።

ገበያውም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማው መጡ። አጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚያስገባው ዕድል) ከተቋረጠ ወዲህ ፋብሪካዎቹ እንደበፊቱ ባይሆኑም፣ ሦስትም አራትም ሆኖ አንድ ክፍል የሚከራይ ሠራተኛ አሁንም አለ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ኪሎ በርበሬ አይገዛም፤ ሩብ ኪሎ ሽሮና ትንሽ በርበሬ ነው የሚፈልገው። ደሴ ላይ ደግሞ ለሰርግ፣ ለድግስ፣ አዲስ አበባ ላለ ልጅ ለመላክ በኪሎ የሚገዛ አለ። አንድ ዓይነት ላስቲክ ይዘሽ ሁለቱንም አታገኚም።

የዓመቱን በዓላት በሁለቱም ሃይማኖት ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። ወሎ ናችሁና ይህ ለእናንተ የሚነገር አይደለም፤ ግን ለሥራ ሲሆን እንረሳዋለን። ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ የሽሮ ናቸው። ከፋሲካ፣ ከገና፣ ከዒድና ከአረፋ በፊት ያሉት ሳምንታት የበርበሬ ናቸው። ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ አንዳንዴ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ያኔ ብቻሽን አትችይውም፤ አስቀድመሽ አጋዥ ያዢ።

አራተኛ፦ ዱቤን በደንብ አስቢበት

ካየሁት ሁሉ የሴቶችን ሥራ የሚገድለው ዱቤ ነው። ጎረቤት ናት፣ የክርስትና ልጅ እናት ናት፣ ቡና ያጣጣችሽ ናት። "ደሞዝ ሲወጣ" ትላለች። እንቢ ማለት ያሳፍራል። እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ ከብር ይበልጣል። ታዲያ እንቢ ማለት ካልቻልሽ ጣሪያ አብጂለት። ለምሳሌ ከአንድ ዙር ምርት ከአሥሩ አንዱን ኪሎ ብቻ ለዱቤ መድቢ። ያ ሲያልቅ "የዱቤው አልቋል፣ የቀረው የካሽ ነው" ትያለሽ። ሰውየዋን ሳይሆን ዕቃውን ነው የከለከልሽው፤ ይህን ሰው ይረዳል። የድሮውን ያልከፈለ አዲስ አይወስድም። በስልክ "እህቴ፣ የዛን ቀኗን" ብሎ ማስታወስም ነውር የለውም።

ዘመድ በነፃ የሚወስደውንም ጻፊው። ስጦታ ስጦታ ነው፤ ግን ወጪ ነው።

አምስተኛ፦ ወረቀቱን ጨርሺ

ደንበኛሽ ከጎረቤት ወጥቶ ሱቅና ሆቴል ሲደርስ ያለ ፈቃድ መሥራት አያዋጣም። ግብር ከፋይነት ተመዝግበሽ ቲን ነምበር ታወጫለሽ። ከዚያ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ምግብ ስለሆነ የብቃት ማረጋገጫም ትጠየቂያለሽ፤ የሥራ ቦታሽን መጥተው ያያሉ። ውኃው፣ ማከማቻው፣ ንጽሕናው ነው የሚታየው። በማኅበር ወይም በኢንተርፕራይዝ መደራጀት ከፈለግሽ ድሮ "ጥቃቅን" የምንለው ሥራ አሁን ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጋ ነው ያለው። የመሸጫ ቦታ ጥያቄም በዚያው በኩል ይሄዳል። ቶሎ ይገኛል ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ማሸጊያው ላይ የምርቱ ስም፣ ውስጡ ያለው፣ ክብደቱ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ አድራሻሽ ይጻፍ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ሰዉን አስፈርቶታል። ስሙንና ስልኩን የጻፈ ሰው የሚታመነው ለዚህ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ከሐምሌ ጀምሮ ግብር መክፈልና ፈቃድ ማደስ ይመጣል። የግብሩ ሕግ በ2017 ስለተሻሻለ የድሮውን ደረጃ የምታውቅ ጎረቤትሽን ሳይሆን ገቢዎችን ራሱን ጠይቂ። ሥራውን ካቆምሽ ደግሞ ፈቃዱን መልሺ። ሳይመልሱ ዝም ብለው ዘግተው ከዓመታት በኋላ ያልሠሩበት ግብር የተጠየቁ ብዙ ናቸው።

ስድስተኛ፦ አሁን ብድር

ሦስት አራት ወር የተጻፈ ደብተር ካለሽ የምትጠይቂውን መጠን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ዕቁብ። ዛላ የሚረክስበት ወር ላይ ዕጣ ቢደርስሽ የሚመረጥ ነው፤ ካልደረሰሽም ከደረሰው ተነጋገሪና ተቀያየሪ፣ የተለመደ ነው። ከዚያ ጸደይ ባንክ አለ፤ ድሮ አብቁተ የምንለው ነው፣ በ2014 ባንክ ሆነ። ለሚዛን፣ ለወፍጮ፣ ለማሸጊያ ማሽን ከሆነ ብሩን ከመበደር ማሽኑን በሊዝ መውሰድ ይሻላል። በክልላችን ዋልያ ካፒታል ጉድስ የሚባለው ለዚሁ የቆመ ነው፤ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጥሻል፣ እየሠራሽ ትከፍያለሽ።

መያዣ ቤት የለኝም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ከ2011 ጀምሮ በአዋጅ 1147 ማሽንና ሸቀጥ የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረትም በመያዣነት ይመዘገባል። ሁሉም ቅርንጫፍ በደስታ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ግን አዋጁን ጠቅሰሽ ጠይቂ። የጋራ ቤት የሚያዝ ከሆነ የባልም የሚስትም ፊርማ ያስፈልጋል። ይህ ላንቺም ጥበቃ ነው፤ እሱም ያላንቺ ፊርማ ማስያዝ አይችልም።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ዕቃው የተዘረፈበትን ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉንም ምርት አንድ መጋዘን አታከማቺ። የፈቃድሽን፣ የደብተርሽንና የዕቃሽን ፎቶ ስልክሽ ላይም፣ ሌላ ከተማ ያለ ሰው ጋም አስቀምጪ።

ልትደግፏት ለምትፈልጉ

ባል፣ ወንድም፣ ውጭ ያላችሁ ልጆች፦ ብር ከመላካችሁ በፊት "ባለፈው ዙር ኪሎው ስንት ወጣብሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካላት ላኩ። ከሌላት ሚዛን ግዙላት። የቤቱን ሥራ ተካፈሉ፤ ዛላ የሚቀነጠስበት ቀን እራት የሚሠራው ሌላ ሰው ይሁን።

ሆቴልና ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ ዕቃውን ስትቀበሉ ክፈሉ፣ ቢዘገይ በሳምንት ውስጥ። ለእናንተ ትንሽ የሚመስለው የ10 ኪሎ ሒሳብ ለእሷ የሚቀጥለው ዙር ዛላ መግዣ ነው።