ደረቅ ወይስ ለስላሳ? በጎንደር ባር የራስን ኮክቴል ስለ ማዘዝ

ጠጅ የሚጠጣ ጎንደሬ በጣዕም ማዘዝን ማንም ሊያስተምረው አይገባም። ጣፋጭነቱ ያልለቀቀውን ለስላሳ፣ ማሩ እስኪያልቅ የፈላውን ደረቅ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መካከለኛ ብሎ ይጠራል፤ አስተናጋጁም ወዲያው ይረዳዋል። ይኸው ሰው ግን ፒያሳ ወይም ከተማዋን ቁልቁል ከሚያዩት ሆቴሎች በአንዱ ባር ሲቀመጥ፣ የኮክቴሎቹን ስም ስለማያውቅ ብቻ ዝርዝሩን መልሶ ቢራ ያዛል። ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ የጠጅ ቤቱ ቋንቋ እዚህም ያገለግላል።

አብዛኛው ሎሚ የሚገባበት ኮክቴል በሦስት ነገሮች ይቆማል፤ እነርሱም ጠንካራው መጠጥ፣ ጎምዛዛውና ጣፋጩ ናቸው። የተለመደው ልክ 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ ሮም ወይም ውስኪ፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና ያንኑ ያህል የስኳር ሽሮፕ (በውሃ የሟሟ ስኳር) ነው። ስለዚህ «ደረቅ አድርግልኝ» ሲሉ ባርቴንደሩ ሽሮፑን ይቀንሳል፣ «ለስላሳ» ሲሉ ደግሞ ይጨምራል ማለት ነው።

እኔ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት «ጥሩ ነገር ሥራልኝ» እያልኩ አዝዝ ነበር፤ የሚመጣልኝም ሁልጊዜ ቀይ ቀለም ያለው፣ ከጁስ የማይለይ ጣፋጭ ነበር። ባርቴንደሩን አልወቅስም፣ ምንም አልነገርኩትምና። አሁን የምነግረው ጠንካራው መጠጥ የትኛው እንዲሆን እንደምፈልግ፣ የጣዕሙን አቅጣጫ፣ ከዚህ በፊት የወደድኩትንና ፈጽሞ የማልወደውን ነው። ለምሳሌ፦ «ወንድሜ፣ በጂን የተሠራ፣ ደረቅ ያለ፣ ሎሚው ጎልቶ የሚሰማ መጠጥ ብትሠራልኝ ደስ ይለኛል፤ ጂን በቶኒክ እወዳለሁ፣ የኡዞ ሽታ ግን አይስማማኝም።» ይህን የሰማ ባለሙያ ግማሽ ሥራው ተጠናቆለታል።

በአገራችን ባር ሊጠየቅ የሚገባው ትልቁ ነገር ማር ነው ብዬ አምናለሁ። ጂን፣ ሎሚና ማር ብቻ ያለበት ቢዝ ኒዝ (Bee's Knees) የሚባል የታወቀ ኮክቴል አለ፤ ማር ሞልቶ በተረፈበት አካባቢ ተቀምጦ በስኳር ሽሮፕ መጠጣት ያሳዝነኛል። ሆኖም ማር በበረዶ ሲመታ ረግቶ ከሼከሩ (መጠጡ ከበረዶ ጋር ከሚናጥበት ክዳን ያለው ዕቃ) ሥር ስለሚቀር፣ አስቀድሞ በእኩል መጠን ለብ ያለ ውሃ እንዲበረዝ ይጠይቁ፤ ብርዝ የሚያውቅ አገር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከማሩ ጋር ትኩስ ዝንጅብል ወይም የተፈጨ ኮረሪማ ቢገባበት ይስማማል፤ ጤና አዳም ግን ኃይለኛ ስለሆነ ከአንድ ትንሽ ቅጠል እንዳያልፍ። ረዘም ያለና ቀለል ያለ መጠጥ ለሚሹ ደግሞ በላዩ አምቦ ውሃ ማስሞላት ይበቃል።

ሎሚ ያለበት መጠጥ በሼከር ይመታል፣ አልኮል ብቻ የተቀላቀለበት በማንኪያ ይማሰላል። ጾመኛ ከሆኑ ሲያዙ ይናገሩ፤ በአንዳንድ የውስኪ ሳወር (በውስኪ፣ በሎሚና በስኳር የሚሠራ ኮክቴል) አሠራር አረፋው የሚመጣው ከእንቁላል ነጭ ነው፣ ክሬም የሚገባባቸው መጠጦችም አሉ።

ጊዜም ይመረጣል። በከተራና በጥምቀት ማለትም በጥር 10 እና 11 ከተማዋ በእንግዳ ስትጨናነቅ፣ ሃያ ሰው እያስተናገደ ያለን ባርቴንደር «ለእኔ የተለየ ሥራልኝ» ማለት ተገቢ አይመስለኝም። በአዘቦት ቀን፣ ገና ሲመሽ ሄደው ባንኮኒው አጠገብ ቢቀመጡ ግን ብዙዎቹ በደስታ ይሠራሉ። ከዝርዝሩ ውጭ የታዘዘ መጠጥ ዋጋው አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ሥራው ሳይጀመር መጠየቅ ነውር የለውም።

የኮክቴል ጣፋጭነት ብርታቱን ይሸፍናል። 40 በመቶ አልኮል ያለው 60 ሚሊ ሊትር ጂን 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ሲኖረው፣ 5 በመቶ ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ያለው 16.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዱ ብርጭቆ ከአንድ ተኩል ጠርሙስ ቢራ ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ስለዚህ መኪናዎን ትተው በባጃጅ ይሂዱ።

መጠጡ ሲመጣ በረዶው ሳይቀልጥ ይቅመሱት። ከጣፈጠብዎት ሎሚ፣ ከጎመዘዘብዎት ማር ሊጨመርበት ይችላል፤ ግማሹን ጠጥተው ቅር ቢልዎት ግን በረዶው ስላቀጠነው ባርቴንደሩ ብዙ ሊያደርግልዎት አይችልም። ከወደዱት ደግሞ የገባውን ነገር ሁሉ ከነልኩ ጠይቀው ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ ሌላ ቀን ሌላ ባርቴንደር ቢያገኙ ያንኑ ያነቡለታል።