የደጋ አጋዘን ልታዩ ስትሄዱ የማይደረጉ ነገሮች

ብዙዎቻችን የደጋ አጋዘንን መጀመሪያ ያየነው ዐሥር ሳንቲም ላይ ነው። በአካል ለማየት ግን ደጋ መውጣት ግድ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። እዚሁም ቢሆን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች ውጭ አይገኝም። በቀላሉ የሚታየው ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ዲንሾ ዙሪያና ጋይሳይ ሜዳ ላይ ነው። እንግዶች ይዤ እዚያ እመላለሳለሁ። የማያቸው ስህተቶች ሁሌም ያው ናቸው። አንዱ ግን ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል፤ እሱ ላይ ስደርስ ረዘም አደርገዋለሁ።

በቀትር መድረስ

ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰው በጠዋት ተነስቶ ሲነዳ ይውልና ፀሐይ ሳትበርድ ይደርሳል። ከመኪና እንደወረደ «የታል?» ይላል። በዚያ ሰዓት አጋዘኑ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ያመነዥካል። ስለዚህ እዚያው እደሩ። ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወደ ሜዳው ይወጣል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ወፍራም ልብስ ያዙ። በተራመዳችሁ ቁጥር ኮሽ ኮሽ የሚል ጃኬት ግን አይሁን።

ሙሉ እንስሳ መፈለግ

ጀማሪዎች ጫካውን የሚያዩት ሙሉ አጋዘን ከነቀንዱ ቆሞ እንዲጠብቃቸው ነው። እንደዚያ አይገኝም። የወንዱ ክብደት እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል፤ ሆኖም ሳይንስ ይህን እንስሳ ያወቀው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። መደበቅ ይችልበታል።

ቁራጭ ፈልጉ። የዛፍ ግንድ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ በመሃሉ አግድም የሄደ መስመር ካያችሁ ጀርባ ሊሆን ይችላል። ዝንብ ለማባረር ብልጭ የምትል ጆሮ ፈልጉ። ጎን ላይ የተበተኑ ነጭ ነጠብጣቦችን፣ በዐይኖቹ መካከል ያለችውን ነጭ ሰረዝ፣ ጉሮሮ ስር ያሉትን ነጭ ምልክቶች ፈልጉ። የጫካውን ጠርዝ በባይኖኩላር ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ሂዱበት፤ ከዚያ በዚያው ተመለሱ። አንዷን ካገኛችሁ ባይኖኩላሩን አታንቀሳቅሱ። ሴቶቹና ግልገሎቹ አብረው ስለሚሄዱ ሌሎቹም አጠገቧ ናቸው።

ነፋስን መርሳት

ከማየታቸው በፊት ያሸቷችኋል። ሽቶ ተቀብቶ መምጣት ይቅር። በጠዋት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወደ ታች ይወርዳል፤ ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ደግሞ ሽቅብ ይዞራል። ንጋት ላይ ጥሩ የነበረ መቀመጫ ረፋድ ላይ ጠረናችሁን ቀጥታ ወደ እነሱ ይወስደዋል። ደረቅ ሣር ቆንጥራችሁ እየበተናችሁ አቅጣጫውን እዩ።

«ትንሽ ጠጋ እንበል»

ይህቺ አነጋገር ያበላሸችውን ጠዋት ቤቱ ይቁጠረው።

አንድ ቀን ጋይሳይ ጠርዝ ላይ አንድ ቤተሰብ ይዤ ነበር። ሴቶቹ አጋዘኖች አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ፤ ግልገሎቹ መሃላቸው ናቸው። በባይኖኩላር ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ይታያል። ከቤተሰቡ አንዱ ልጅ ስልኩን አወጣና ወደ እነሱ መራመድ ጀመረ። አንዲት ትልቅ ሴት መጋጧን አቆመች። ራሷን ቀና አደረገች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ እሱ ዞሩ። «ተው፣ ቁም» አልኩት። «ምንም አላለችም እኮ» አለኝ።

ብላለች እንጂ! ሣሩን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀጥ ማለቷ ራሱ ንግግር ነው። ሁለት እርምጃ ጨመረ። አጭር፣ የውሻ የሚመስል ድምፅ አሰማች። ጅራቷ ሽቅብ ተሰቀለ፤ ከስሩ ያለው ነጩ ታየ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም አስታው ውስጥ ገቡ። ያን ጠዋት አልተመለሱም። የልጁ እናት ባይኖኩላሩ ገና አልደረሳቸውም ነበር።

የእኛ ጠዋት መበላሸቱ ትንሹ ነገር ነው። በበጋ ሣሩ ሳስቶ እያለ ከግጦሽ የተባረረ እንስሳ የሚበላበትን ሰዓት ያጣል። በግርግሩ ግልገል ከእናቱ ይለያል፤ ጫካው ውስጥ ነብርና ጅብ አለ። ይህ እንስሳ የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት ነው። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ሰሞን ባሌ ውስጥ ክፉኛ ተገድሎ ቁጥሩ አሽቆልቁሎ ነበር። ሰው ሲያይ ቢሸሽ አይፈረድበትም። እኛም በፎቶ ሰበብ ካለችው መሬት ላይ ልናባርረው አይገባም።

ምን ይሻላል? ተቀመጡ። አንድ ጽድ ደገፍ ብላችሁ አርፋችሁ ቁጭ በሉ። ቦታ መቀየር ካለባችሁ ቀጥታ ወደ እነሱ አትሂዱ፤ በሰያፍ፣ በዝግታ፣ እየታያችሁ ሂዱ። አጎንብሶ እያደቡ መሄድ የባሰ ነው፤ የሚያደባ አውሬ ነው የሚመስላቸው። አንዷ ቀና ካለች ባላችሁበት ቁሙ። ተመልሳ ካልጋጠች ወደ ኋላ በሉ። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ እነሱ ራሳቸው እየጋጡ ይቀርባሉ።

ዲንሾ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ያሉት አጋዘኖች ሰው ለምደዋል። መልመድ ማለት ግን የቤት እንስሳ መሆን አይደለም። ዳቦ የሚወረውር፣ ልንካው ብሎ እጁን የሚዘረጋ አያለሁ። የወንዱ ቀንድ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። እባካችሁ ተዉት።

ግልገል «ማዳን»

ቁጥቋጦ ስር ብቻውን የተኛ ግልገል ካያችሁ አልተጣለም። እናቱ ደብቃው ልትግጥ ሄዳ ነው፤ ተመልሳ ታጠባዋለች። እናንተ እዚያ እስከቆማችሁ ድረስ ግን አትመጣም። አትንኩት፣ ቶሎ ራቁ።

ድኩላን ከግልገል መቀላቀል

ድኩላ አይተው የአጋዘን ግልገል አገኘን የሚሉ አሉ። ይህ እንኳን አያናድደኝም፤ ደስታቸውን ማየት ራሱ ደስ ይላል። የምኒልክ ድኩላ እዚያው ጫካ አለ። ወንዱ ጥቁር ሊባል የሚችል ነው፣ ቁመቱ አነስ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን ይሄዳል።

ውሻ ይዞ መምጣት

በፍጹም። ውሻ አጋዘን ያባርራል። የእብድ ውሻ በሽታንም ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። በዚህ በሽታ ብዙ የባሌ ቀበሮዎች አልቀዋል።

ፎቶ አንስቶ መሄድ

አጋዘን ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ በተለይ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ወይም መሪ ይዛችሁ ከሆነ። ሰው የሚሸነፈው ካገኘው በኋላ መቆየት ላይ ነው። ፎቶው እንደተነሳ «በቃ አየን፣ እንሂድ» ይባላል። ምን አያችሁ? የቆመ እንስሳ።

ትንሽ ብትቆዩ ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ታዩ ነበር። ወዲያው ቀንድ ለቀንድ አይጋጠሙም። ጎን ለጎን ይሆኑና የጀርባቸውን ጸጉር ያቆማሉ። እግራቸውን እያከበዱ፣ በጣም በዝግታ አንዱ ሌላውን ይዞረዋል። እያንዳንዱ ጎኑን ነው የሚያሳየው፣ ትልቅነቱን። አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ፊቱን ያዞርና ሣር መጋጥ ይጀምራል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ይህን ያየ እንግዳ ሌላ ጊዜ ና ሳይባል ይመጣል።

ስትመለሱ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ንዱ። የዶዶላና የሮቤ መንገድ ጋይሳይን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ አመሻሽ ላይ አጋዘኖቹም ይሻገሩበታል። አንዷ ከተሻገረች ጥሩምባ አትንፉ፣ ቁሙ። ከኋላዋ የሚከተል ግልገል ሊኖር ይችላል።