ስለ ስፖርት ምን እናንብብ፣ እንዴትስ እናንብበው? ከአንድ የጎንደር ጂም አሠልጣኝ

ሰላም የጎንደር ልጆች። እኔ ማራኪ አካባቢ ትንሽ ጂም ውስጥ ነው የማሠራው፣ ጠዋት 12 ሰዓት በር ከከፈትኩ ጀምሮ ማታ እስክንዘጋ በቀን ቢያንስ አምስት ስድስቴ የምሰማት ጥያቄ "አሠልጣኝ፣ ቲክቶክ ላይ እንዲህ ይላሉ፣ እውነት ነው እንዴ?" የምትል ናት። የጠየቀስ እሰየው። የሚያሳዝነኝ ሳይጠይቅ ገዝቶ የሚመጣው ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት የደሞዙን ግማሽ አውጥቶ "ስብ ያቀልጣል" የተባለ ክኒን ገዝቶ አሳየኝ፣ ዕቃውን ገልብጬ ባየው ውስጡ ምን በምን ያህል መጠን እንዳለ የሚል ጽሑፍ እንኳን የለውም። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ በሳምንት አራት ቀን ሳያቋርጥ የሚሠራ ልጅ ነው፣ ያጣው የቱን አምኖ የቱን መተው እንዳለበት የሚነግረው ሰው ነው። ስለዚህ እኔ ራሴ የማነበውንና አነባበቤን እንዳለ ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ከሁሉ በፊት፣ ብዙ አታንብቡ። በሳምንት አንድ ነገር ይበቃል፣ ግን እሱን እስከ ሥሩ። በቀን ሃያ ቪዲዮ አይቶ ሰኞ አንድ ፕሮግራም፣ ሐሙስ ሌላ ፕሮግራም የሚጀምር ሰው የትኛው እንደጠቀመው መቼም አያውቅም።

መነሻችሁ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው የአካል እንቅስቃሴ መመሪያ ይሁን። በነጻ ይወርዳል፣ ማጠቃለያው አጭር ነው። የሚለው በአጭሩ ይሄ ነው፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ፣ ወይ ደግሞ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ በዚያ ላይ ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ የጥንካሬ ልምምድ ቢያንስ 2 ቀን። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሚዛን ለመጠበቅና ለጥንካሬ የሚሆን ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ይጨመርላቸዋል። "መካከለኛ" ማለት ምን ማለት ነው ላላችሁኝ፣ ወደ ቁስቋም ዳገቱን ስትወጡ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ችላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ እሱ ነው በቃ።

አሠልጣኝ መሆን የምትፈልጉ ግን ከዚህ ከፍ ማለት አለባችሁ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤሲኤስኤም የሚባለው የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ በ1954 የተመሠረተ፣ የኛ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረበት ዓመት ማለት ነው። ሌላው ኤንኤስሲኤ የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር ነው፣ በጥንካሬ ሥልጠና ላይ የሚሠራ፣ በ1978 የተቋቋመ። የሁለቱም መማሪያ መጽሐፎች ወፍራም ናቸው፣ አዲሱ እትም ውድ ነው፣ የቆየ እትም ብታገኙም የጡንቻና የአጥንት ሥራው አልተለወጠም፣ አንብቡት። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወዳጅ ያላችሁ ደግሞ ላይብረሪው ውስጥ ስለ ሂናሪ ጠይቁት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ነው፣ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በገንዘብ የሚሸጡ የጤና መጽሔቶችን በነጻ ወይ በትንሽ ክፍያ የሚያስነብብ።

አሁን አንድ ጥናት አብረን እናንብብ። ስለ ስኳት፣ ማለትም ቁጢጥ ብሎ ስለ መነሳት ልምምድ፣ ብዙዎቻችን አሠልጣኝ ስንሆን የተማርነው "ስኳት ስትሠራ ጉልበትህ ከእግር ጣትህ ጫፍ እንዳያልፍ" የሚል ነው። እኔም ለዓመታት ሰው ፊት በርከክ ብዬ ጉልበቱን በእጄ እየያዝኩ ይሄንኑ ሳስተምር ነበር። አንድ ቀን እትዬ እያልኩ የምጠራቸው እናት "ልጄ፣ ጉልበቴስ ደህና ነው፣ ወገቤን ግን ገደልከኝ" አሉኝ። ከጎን ሆኜ ባያቸው እውነታቸውን ነው፣ ጉልበታቸው ወደ ፊት እንዳይሄድ ስለከለከልኳቸው መቀመጫቸው ወደ ኋላ ርቆ፣ ደረታቸው ወደ መሬት ተደፍቶ ነው የሚወርዱት። እኚሁ እናት ቤታቸው ቡና ሲያፈሉ ከዝቅተኛ በርጩማ ላይ ስንቴ ይነሳሉ፣ ስንቴ ይቀመጣሉ፣ ጉልበታቸው ጣታቸውን አልፎ ይሄዳል፣ ወገባቸውም ምንም አይልም። በጣም ነው ያፈርኩት፣ ማታ ቤት ገብቼ መፈለግ ጀመርኩ።

ያገኘሁት በ2003 በኤንኤስሲኤ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። 7 ወንዶች የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ብረት ተሸክመው ስኳት ሠሩ፣ አንዴ እንደልባቸው፣ አንዴ ደግሞ ጉልበታቸው እንዳያልፍ ፊት ለፊታቸው ጣውላ ቆሞ። ጣውላው ሲቆም ጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው የማዞር ኃይል ከ150 ወደ 117 ኒውተን ሜትር (የማዞር ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ወረደ። ዳሌ ላይ ያለው ግን ከ28 ወደ 302 ገደማ ዘለለ። ጫናው አልጠፋም፣ ቤት ቀየረ እንጂ። የእትዬ ወገብም ይሄንኑ ነበር ሲነግረኝ የነበረው።

እዚህ ጋ ግን ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይሄን ካነበበ በኋላ ነው። 7 ሰው ብቻ ናቸው፣ ሁሉም ብረት የለመዱ ወንዶች ናቸው፣ የተለካውም ኃይል ነው እንጂ ማን ተጎዳ ማን አልተጎዳ የሚል አይደለም። ስለዚህ "ጉልበት ቢያልፍ ማንንም አይጎዳም" ብሎ መለጠፍ አይቻልም። ማለት የሚቻለው ጉልበትን ለማዳን ብለን ዳሌና ወገብ ላይ ብዙ እንደምንጭን ነው፣ የጉልበት ሕመም ላለበት ሰው ያ መልካም ሊሆን ይችላል፣ ለእትዬ ግን አልሆነም። እኔ ያደረግኩት ጉልበታቸውን ለቀቅኩ፣ ቀላል ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ደረታቸው ላይ አስያዝኳቸው፣ ከኋላቸው በርጩማ አድርጌ ነካ አድርገው እንዲነሱ አደረግኩ። ወገቤን ማለት ትተዋል። አንድ ሰው ስለሆኑ ማስረጃ ብዬ አልጠራውም፣ ግን ለሳቸው ሠርቷል።

ማንኛውንም ጥናት ስታገኙ በዚሁ መንገድ ጠይቁት፣ እነማን ላይ ተሠራ፣ ስንት ናቸው፣ ምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ከምን ጋር ተወዳደረ፣ ወጪውን ማን ቻለ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ግርጌ ላይ ነው ያለው፣ አትዝለሉት። ጥናቶቹን የምታገኙት ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ነው፣ አጭር ማጠቃለያው ሁሌም በነጻ ነው፣ ሙሉው በነጻ የሚገኘውም ብዙ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከመደምደሚያው ሳይሆን ዘዴው ከተጻፈበት ክፍል ጀምሩ፣ እዚያ ያለው ቁጥር ስለሆነ ይቀላል።

ፕሮቲን ላይም እንደዚሁ ነው። በ2018 የወጣ 49 ጥናቶችን የሰበሰበ ትንታኔ አለ፣ 1,863 ሰዎች፣ ክብደት ለሚያነሱ በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ካለፈ ተጨማሪው ፕሮቲን ለጡንቻ ብዙም አልጨመረላቸውም ይላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 112 ግራም ማለት ነው። እኛ ጋ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው አለ፣ ስለዚህ ያንን ቁጥር ወደ ሽሮና ምስር መተርጎም የኔ ሥራ ነው። 50 ግራም ደረቅ የሽሮ ዱቄት 10 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለው፣ ምስር ትንሽ ከፍ ይላል። በጾም ቀን ምግብ የሚበላበት ሰዓት አጭር ስለሆነ 112 መሙላት ይከብዳል፣ እኔም ለጾመኛ ክላየንቶቼ የሚያነሱትን ክብደት እንዲጠብቁ እንጂ በዐቢይ ጾም ሪከርድ እንዲሰብሩ አልጠይቅም።

የሙያውን ወሬ ለመከታተል ደግሞ ኤሲኤስኤም በየዓመቱ የሚያወጣውን የአዝማሚያ ዳሰሳ አያለሁ። ለ2025 አንደኛ የወጣው እንደ ስማርት ሰዓት ያለ የሚለበስ ቴክኖሎጂ ነው። ልብ በሉ፣ ዳሰሳው ባለሙያዎች ምን ይስፋፋል ብለው እንደሚገምቱ ነው የሚጠይቀው፣ ይሠራል አይሠራም አይልም። ለዚያ ሌላ ንባብ ያስፈልጋል፣ ስታንፎርድ በ2017 ሰባት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትሾ ነበር፣ የልብ ምት ላይ ስድስቱ ጥሩ ናቸው፣ ካሎሪ ላይ ግን የተሻለው መሣሪያ በአማካይ በ27 በመቶ ይስታል፣ የባሰው በ93። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፣ ቢሆንም "ሰዓቴ 600 አቃጠልክ ብሎኛል" ብሎ በዚያ ልክ የሚበላ ሰው አሁንም ይምጣና ያናግረኝ። ልብ ምቱም ቢሆን ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ቆላ መተማ ከርሞ የመጣ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እዚያ የለመደውን ፍጥነት እዚህ ልሩጥ ቢል ልቡ ቶሎ ይመታል፣ ደክሜያለሁ ብሎ አይደንግጥ።

ሌላው ሰሞነኛ ወሬ የክብደት መቀነሻ መርፌው ነው። ሴማግሉታይድ በ2021 በወጣው ትልቅ ሙከራ በ68 ሳምንት የሰውን ክብደት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሷል፣ ከቀነሰው ውስጥ ግን ስብ ብቻ ሳይሆን ሥጋም አለበት። በሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፣ እኔን አትጠይቁኝ፣ ሐኪም አዞላችሁ ከጀመራችሁ ግን ንገሩኝ፣ የጥንካሬ ልምምዱን አብረን እናጠብቀዋለን።

ስለ ጫማም ጥያቄ ይመጣል። ትዕግስት አሰፋ በመስከረም 2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው አዲዳስ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ ነበር፣ አምራቹ ራሱ የሠራው ለአንድ ማራቶንና ከጫማው ጋር ለመላመድ ለሚሆን ሩጫ እንደሆነ ተናግሯል። ጠዋት ጠዋት በአዘዞ መንገድ ለምትሮጡ ወንድሞቼና እህቶቼ እንግዲህ፣ ገንዘባችሁን ለሚበረክት ጫማ አውሉት።

የኔ ልማድ ይሄ ነው፣ ዳታ ባለበት ቀን ፒዲኤፎቹን አወርዳለሁ፣ እሑድ ከቡና በኋላ አንዷን አነባለሁ፣ ደብተሬ ላይ ስንት ሰው፣ ስንት ሳምንት፣ ምን አገኙ ብዬ ሦስት መስመር እጽፋለሁ፣ ከዚያ ሰኞ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ። በዚህ ሳምንት ለምትጀምሩ የ2020ውን መመሪያ ስልኬ ላይ አለላችሁ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ከመጣችሁ እገለብጥላችኋለሁ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ጂሙ ጭር ስለሚል ያኔ ብትመጡ ተቀምጠን እናነበዋለን።